ሞያ አለ

በእኛ ሬዲዮ ጣቢያ «የሴቶች ድምፅ» የሚባለውን ዝግጅት ያቀርብ የነበረው ምንይችል የሚባል ወንድ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን የጣቢያው የድምፅ ቴክኒሽያን ሆኜ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ቁጭ ብዬ የእሱን ድምፅ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ስለኖርኩ ሳቄን ጨርሼዋለሁ። ባንቺአየሁ እባላለሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል፤ የምነግራችሁ ስለ የትናየት ነው።

ጣቢያችን ከኮኪት ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ስቱዲዮ የምንለው አንድ ክፍል ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ማይኩ ሲከፈት ቬንትሌተሩ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ጩኸቱ ይገባል። ስለዚህ በሚያዝያ ወበቅ ዜና አንብቦ የሚወጣ ሰው ወንዝ ዋኝቶ የመጣ ይመስላል።

ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሥራውንም ያገኘው በዚያ ነው። ጣቢያው ሲከፈት ሴት አቅራቢ ተፈልጋ ነበር። ከመጡት ሴቶች አንዷን «ታፍሪያለሽ» ብለው፣ ሌላዋን «አታፍሪም» ብለው መለሷቸው። ከዚያ «ለጊዜው ምንይችል ይያዘው፤ ድምፁ ይቀራረባል» ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ታውቃላችሁ። አድማጩም ለመደውና ሴት ናት ብሎ ደመደመ። ከአብርሃ ጅራ አንድ የትራክተር ሹፌር በየሳምንቱ እየደወለ «ለእህቴ ለምንይችል፤ ስሟ የወንድ ቢሆንም ድምፅዋ ከልቤ ገብቷል» እያለ ዘፈን ይጋብዘው ነበር። ምንይችል አንድም ቀን አላረመውም። ዘፈኖቹ ደግሞ ጥሩ ነበሩ።

የትናየት ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ውሃ ሻጭ ነበረች። ሹም የሚባል አህያ ነበራት። ጋሪው ላይ በርሜል ጭና፣ ገና ጎህ ሲቀድ «ሞያ! ሞያ አለ! ሞያ!» እያለች ከተማውን ትዞረዋለች። ሞያ በሱዳኖች ዓረብኛ ውሃ ማለት ነው። እኛም እዚህ ጠረፍ ላይ ያለነው፣ ውሃው ከጋሪ ሲሸጥ ሞያ እንለዋለን፤ ቤት ገብቶ ባልዲ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ድምፅዋን እንዴት ልንገራችሁ? ወፍራም ነው፤ ሻካራ ነው፤ በር ቢዘጋበትም ይገባል። ጎረቤቷ እማማ ሉባባ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ባልቴት፣ በየጠዋቱ መስኮታቸውን ከፍተው «አንች ልጅ! ምነው ይኸን ድምፅሽን ብትቀንሽው!» ይሏት ነበር። እናቷ በልጅነቷ ቀንሺ ብለዋታል። አስተማሪዋ ቀንሺ ብሏታል። አግብታው የነበረው ሰውዬ ደግሞ «ስታንሾካሹኪ እንኳ ጎረቤት መልስ ይሰጥሻል» ብሎ ፈቷት ሄደ። እሱስ በመሄዱ ተገላገለችው።

የትናየት የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ መናገር። ጋሪዋን እየነዳች በየግቢው ስትገባ የምትሰማው የሴቶች ወሬ በእኛ «የሴቶች ድምፅ» ላይ ከሚነገረው ጋር አይገናኝም ነበር። ምንይችል ስለ ፊት ቅባት ያወራል፤ ሴቶቹ ስለ ውሃ፣ ስለ አዋላጅ፣ ከሰሊጥ ማሳ ደሞዙን ጠጥቶ ስለሚመለስ ባል ያወራሉ። ይህ ሲከነክናት ከረመና አንድ ቀን ሹምን ለጡብ አመላላሹ ለሷሊህ ሸጠችው። ከዚያ ከጣቢያው በር ላይ ቆማ «በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ማይክ ስጡኝ» አለች። ከበሩ ውጭ ሆና ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ውስጥ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ በደንብ ሰምቻታለሁ።

ማይክ አልተሰጣትም። ብዕር ተሰጣት። እሷ ከሴቶች ታሪክ እየሰበሰበች ትጽፋለች፤ ምንይችል ያነበዋል። ችግሩ ምንይችል የተጻፈለትን ሳይቀይር የሚያነብ ሰው መሆኑ ነው። አንድ ቀን በዚያ ቀጭን ድምፁ «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ባማጥኩ ጊዜ፣ አዋላጅ ጠፍታ፣ በትራክተር ተጎታች ላይ…» ብሎ ጀመረ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የትራክተሩ ሹፌር ያን ቀን «አይዞሽ እህቴ» ብሎ ሦስት ዘፈን ጋበዘ። የትናየት ግን አልሳቀችም። ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ፣ የገዛ ጽሑፏን በሰው አፍ ስትሰማ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አሳዘነችኝ።

በዚህ መካከል ጣቢያውን የሚረዳው ድርጅት ሠላማዊት የምትባል ገምጋሚ ከጎንደር ላከ። ሠላማዊት ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ቁጭ ብላ አንድ ዝግጅት ሰማችና «የሴቶች ድምፅ የታለ?» አለች።

ምንይችል «ይኸው፣ እኔ ነኝ» አላት።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ነገሩን በግልጽ ተናገረች። ነገ በከተማው አዳራሽ ለሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና ይከፈታል፤ ጥሪው የሚተላለፈው በዚህ ዝግጅት ብቻ ነው፤ ሴቶች ከመጡ ዝግጅቱ ይሰማል ማለት ነው፤ ካልመጡ ሰዓቱ ለስፖርት ይሰጣል። ጥሪውንም ሴት ታንብበው አለች። ምንይችል ስፖርት የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ልቡ ያለው ኳስ ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የትናየት ጥሪውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ባንቺ፣ ይችን ካበላሸሁ ወዴት እገባለሁ?» አለችኝ። «ሹምን ሸጨዋለሁ። ማይኩም ካለፈኝ እንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«ዝም ብለሽ አንብቢ» አልኳት። «ግን እባክሽ ድምፅሽን ትንሽ ቀነስ አድርጊው። ማሽኑ አሮጌ ነው።»

ጽሑፉን የጻፈው ምንይችል ነው። የትናየት መጀመሪያ አለስልሳ ለማንበብ ሞከረች፤ ጉንፋን የያዘው ሰው መሰለች። ሁለተኛውን መስመር ስትጀምር ትዕግሥቷ አለቀና በራሷ ድምፅ ለቀቀችው። ማሽኔ ላይ ያለው ቀይ መብራት በራ፤ ድምፅ ሲበዛበት ነው የሚበራው። የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ ወደ ታች ሳብኩት። እንዲህ ነበር ያነበበችው፦

«እናቶች፣ እህቶች! ነገ በጠዋቱ በከተማው አዳራሽ ሞያ አለ! ሞያው በነፃ ነው! ለሴቶች ብቻ ነው! ሞያ የምትፈልጉ ሁሉ ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ! ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ ይሰጣል!»

ዕቃ የተባለው መቀስና መርፌ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም ምንም አልታየንም። ሬዲዮ ጣቢያ የሚገባ ሰው የሰፈሩን አማርኛ ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ከተማው ውስጥ የውሃ ፓምፑ ከተበላሸ መሰንበቱን፣ ሰው ውሃ ፍለጋ ዓይኑ መቅላቱን፣ ያን ድምፅ ደግሞ ሕዝቡ ለስንት ዓመት ከምን ጋር ሲሰማው እንደኖረ ማን አስታወሰ? ማይኩን ዘጋን፤ ቬንትሌተሩን ከፈትን፤ «ጎበዝ የትናየት» ተባባልን።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዳራሹ ስንደርስ መንገዱ ቢጫ ሆኗል። ጀሪካን ነው። ከአዳራሹ በር ጀምሮ፣ በፀጉር ቤቱ በኩል ዞሮ፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ ጀሪካን ተሰልፏል። ከየጀሪካኑ ጀርባ አንዲት ሴት አለች። ከሰልፉ ፊት መጂዳ ቆማለች። መጂዳ ከሱዳን መጥታ መናኸሪያው ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ ነው፤ ጉልበቷ ግን ሙሉ ነው።

«ያ የትናየት!» አለች እጇን እያውለበለበች። «ሞያ ዌን?» ዓረብኛውንም ራሷ ተረጎመችው፤ «ውሃ የታለ?»

የትናየት ቆመች። ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት አየሁት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መጂዳ መልስ አልጠበቀችም። አዳራሹ ገባችና በጨርቅ የተሸፈኑትን የስፌት መኪናዎች ገልጣ፣ ጎንበስ ብላ ከሥራቸው ማየት ጀመረች። «ቧንቧው በየት ነው?» አለች፣ የአንዱን መዘውር እያዞረች። ከኋላዋ ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ መጥታ እዚሁ የቀረች አንዲት ሴት «እኔስ ሞያ ማለት ሙያ መሆኑን አውቃለሁ» አለች፣ ጀሪካኗን እቅፍ አድርጋ። «ነገር ግን አገር ምድሩ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ እኔ ብቻየን መቀስ ይዠ ልሩጥ?»

በዚህ ሰዓት የሠላማዊት መኪና መጣ። ወርዳ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ይህ ሁሉ ሰው ለስፌት ነው?»

«አዎ!» አለ ምንይችል። «ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው።»

«ጀሪካኑስ?»

«ጀሪካኑ…» አለ ምንይችል፣ ላቡን እየጠረገ፤ «መቀመጫ ነው። አዳራሹ ወንበር ስለሚያንሰው።»

እግዜር ሲፈርድለት ሴቶቹ በዚያው ደቂቃ ደክሟቸው ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። ሠላማዊት አንገቷን ነቀነቀች። ግን እውነት አንድ ጊዜ ካፈተለከ መመለሻ የለውም፤ «ውሃ የለም! ስፌት ነው!» የሚለው ቃል ከአዳራሹ በር ተነስቶ በሰልፉ ላይ ሮጠ። ጀሪካኖቹ መንኳኳት ጀመሩ። ባዶ ጀሪካን ሲደበደብ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ።

እማማ ሉባባ ከሰልፉ ወጥተው የትናየት ፊት ቆሙ። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ ጀሪካኑ እኩያቸው ነው። «አንች ልጅ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ድምፅሽ ከእንቅልፌ ስትቀሰቅሽኝ ኖርሽ። ያኔ ግን ውሃ ነበረሽ። ዛሬ ድምፁን ብቻ ይዘሽልን መጣሽ?»

የትናየት እንባዋ መጣ። እኔም ደነገጥኩላት፤ ያ ቃል እኔንም ነካኝ።

የሥልጠናውን መክፈቻ በቀጥታ ልናስተላልፍ ስለነበር ማሽኔን አዳራሹ በር ላይ ዘርግቻለሁ፤ ሥርጭቱም ተጀምሯል። ምንይችል ሕዝቡን አረጋጋለሁ ብሎ ማይኩን አነሳ። «ውድ እህቶቼ! እኔ ምንይችል ነኝ…»

ከሰልፉ አንዷ «እንዴ! ምንይችል ወንድ ናት እንዴ?» ብላ ጮኸች። «ኸረ ጉድ! ጢም አላት!» አለች ሌላዋ። «ታዲያ በትራክተር ተጎታች ላይ ያማጠው ማን ነው?» ሳቁ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ምንይችል ማይኩን ለማን እንደሚሰጥ ጠፋው። የትናየት ከእጁ ወሰደችው።

«ያማጥኩት እኔ ነኝ፤ ታሪኩ የራሴ ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ትናንት የጠራኋችሁም እኔ ነኝ። ስፌት ለማለት ነበር፤ አፌ የለመደው ግን ሞያ ሲል ውሃ ማለት ነው፤ የእናንተም ጆሮ። እማማ ሉባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውሃ የለኝም። በርሜልም የለኝ፣ አህያም የለኝ። ያለኝ ይች ናት» ብላ ማይኩን ከፍ አደረገችው። «ፓምፑ ከተበላሸ ጀምሮ ማን እንዴት እንደከረመ ኑና ተናገሩባት። ከእንግዲህ በሌላ ሰው አፍ አይነገርም።»

መጂዳ በግማሽ አማርኛዋ ጀመረች። የጎጃሟ ሴት ቀጠለች። አንዷ የልጇን ልብስ ካጠበች መሰንበቷን፣ ሌላዋ ከወንዝ ስትመለስ ወገቧ መቆረጡን፣ ሌላዋ የአማቷን ስም እየጠራች ከውሃው ጋር የማይገናኝ ነገር ሁሉ ተናገረች። ምንይችል በእጁ «ቁረጪው! ቁረጪው!» ይለኛል። እኔ ያላየሁ መሰልኩ።

ነገሩ በዚህ ጥሩ እየሄደ ሳለ ሹም መጣ። ሷሊህ ጡብ ጭኖ በፀጉር ቤቱ በኩል ሲያልፍ፣ ሹም በፀጉር ቤቱ ሬዲዮ የድሮ እመቤቱን ድምፅ ሰምቶ መንገዱን ቀየረ አሉ። ሷሊህ ቢጎትተው፣ ቢለምነው፣ በዓረብኛም በአማርኛም ቢሰድበው እምቢ አለ። ከነጡቡ መጥቶ አዳራሹ በር ላይ ቆመና አፉን ከፍቶ አናፋ። እኔ ፈጥኜ ቁልፉን ወደ ታች ሳብኩ፤ ሲጨርስ መለስኩት። ስለዚህ በአየር ላይ አህያ የሚባል ነገር አልተሰማም። የተሰማችው የትናየት ብቻ ናት። ማይኩን እንደያዘች ረስታ አህያዋን ትቆጣለች፦

«ሹም! ዝም በል! ድሮ ውሃ ታመጣ ነበር፤ አሁን ሆድህን ሞልተህ መንገድ ትዘጋለህ? ይኸ ሁሉ ሴት ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲቃጠል አታፍርም? ወይ ውሃ አምጣ፣ ወይ ልቀቅ!»

አሁን ወደ ፀጉር ቤቱ ልውሰዳችሁ። የውሃውን ነገር የሚመለከተው ሰውዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ጢሙን እየተላጨ ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል። «ሹም! ዝም በል!» የሚለው ሲመጣ ጢም ላጪው ምላጩን አየር ላይ አቆመ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው ሰውዬውን አዩት። «ሆድህን ሞልተህ» ሲባል ሆዱን አዩት። «ወይ ልቀቅ» ሲባል ሰውዬው ፎጣውን ከአንገቱ መንጭቆ ወጣ።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የውሃ ቦቴው ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። ከሹፌሩ ጎን ሰውዬው ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፤ በግማሹ ላይ ሳሙናው ደርቋል። ወርዶ በቀጥታ ወደ የትናየት ሄደ።

«እህቴ» አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «ቦቴው ጎማ አጥቶ ነው እንጂ እኔ ሆዴን ስሞላ አልነበረም። ጥፋት ካለ በቢሮ መነጋገር ይቻል ነበር። ልቀቅ ያልሽኝን ግን ትንሽ አክብደሽዋል።»

የትናየት ዓይኗን አፈጠጠች። «እኔ? አንተን? መቼ?» ብላ ዞር ስትል ሹምን አየችው። ሹም ጆሮውን ጥሎ ቆሟል። ያኔ ገባት። እኛም ገባን። መጂዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሠላማዊት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል አንዲትም እውነቱን ለሰውዬው አልነገረችውም፤ እስከ ዛሬም የነገረው የለም። የትናየት ብቻ በትሕትና «ይቅርታ፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌው ነው» አለችው።

«የለም፣ የለም» አለ ሰውዬው ወደ ቦቴው እያፈገፈገ። «በደንብ ተሰምቷል።»

ጀሪካኖቹ ተሞሉ። ሹም ጡቡ ተራገፈለትና ለአቅመ ደካሞች ውሃ ሲያመላልስ ዋለ፤ ሷሊህ እያጉረመረመ ከኋላው ይከተለዋል። ተራቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ከፀሐይ ሽሽት አዳራሹ ገብተው ስፌቱን ጀመሩ፤ መጂዳም ያን መዘውር እስካሁን አልለቀቀችውም። ሠላማዊት ስትሄድ ለምንይችል «ስፖርቱን በሌላ ሰዓት እንሰጥሃለን፤ ይህን ሰዓት ግን ለባለቤቱ ልቀቅ» አለችው። ልቀቅ ስትል ሁላችንም ሹምን አየነው። ምንይችል ዛሬ ኳስ ያስተላልፋል፤ ጎል ሲገባ በዚያ ቀጭን ድምፁ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይጮሃል። ደስተኛ ነው።

የትናየት ዝግጅቱን «ሞያ አለ» አለችው። የመጀመሪያው ቀን ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። አዲስ ሻሽ አስራለች፤ ማይኩ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ በለሰለሰ፣ በተዋሰችው ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች» አለች። እኔም እጄን እንደልማዴ ቁልፉ ላይ አድርጌያለሁ። የምቀንሰው ነገር ግን አልነበረም። የእኔው የትናየት የለችም፤ ጉንፋን የያዛት አንዲት ሴት ወረቀት ታነባለች። ከፋኝ።

የስቱዲዮው መስኮት ተንኳኳ። እማማ ሉባባ ናቸው። ትንሿን ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በአንድ እጃቸው መስኮቱን ይደበድባሉ። ቀጥታ ሥርጭት ላይ መሆናችንን ማን ይንገራቸው? ገፉና ከፈቱት።

«አንች ልጅ! ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽን የዋጥሽው? ባትሪየ ደክሟል፣ ጆሮየም ደክሟል። ጨምሪው እንጅ!»

የትናየትን በዕድሜዋ ጨምሪ ያላት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። በመስታወቱ በኩል ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ሞልቷል፤ እውነት ነው ወይ ብላ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። እጄን ከቁልፉ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ትንፋሿን ሳበች፤ ጋሪው ላይ እንደቆመች ሆና «ሞያ አለ!» አለች።

ቀዩ መብራት በራ፤ በርቶም ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ሹም አናፋ።

«እህ፣ አሁን ገና ተሰማሽ» አሉ እማማ ሉባባ፣ መስኮቱንም ሳይዘጉት ሄዱ።